ከዓድዋ ወንዝ እስከ ኮዬ ፈጬ፦ ስለ ሳሙናና ስለ መድኃኒት

ረፋዱ ላይ ወደ ኮዬ ፈጬ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ሕንፃውን ነው፤ ሠራተኛውን የሚያየው ቆይቶ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ በ2011 ዓ.ም. ዕጣ ሲወጣባቸው በወሰን ጥያቄ ብዙ ክርክር አስነሥተው ስለ ነበር፣ የሰፈሩ ስም ከግንባታው ይልቅ በፖለቲካው ይታወቃል። እኔ ስለ ቦታው ባሰብሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ግን ባሬላው ነው። ሁለት ሰዎች፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሴቶች፣ ፊታቸውን በሻሽ ጠቅልለው አሸዋ ይሸከማሉ። ጥላ የሚባል ነገር የለም፤ ባሕር ዛፉ ሁሉ ተቆርጦ መወጣጫ ሆኗል። ማታ ሥራ ሲፈታ ከቢጫ ጀሪካን ውኃ እየተቀዳ፣ አንዲት የልብስ ሳሙና ቁራጭ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈች ሁሉም ይታጠባል።

ይህችን የሳሙና ቁራጭ ያለ ምክንያት አላነሣኋት። በአዲስ አበባ ተወልዶ በአራት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሄማን በቀለ፣ በልጅነቱ ካያቸው ነገሮች አንዱ በጠራራ ፀሐይ የሚሠሩ ሰዎች እንደ ነበሩ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2023 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የቨርጂኒያ ተማሪ የሆነው ይህ የ14 ዓመት ልጅ፣ ስሪ ኤም የተባለው ኩባንያ በሚያዘጋጀው የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር 25 ሺህ ዶላር አሸነፈ። ያቀረበው ሐሳብ የቆዳ ካንሰርን የሚያክም ሳሙና ነበር። በማግሥቱ ዓመት ታይም መጽሔት የዓመቱ ልጅ ብሎ መረጠው። በሀገራችን ወሬው እንደ ተለመደው «ሐበሻው ልጅ የካንሰር መድኃኒት አገኘ» ተብሎ ተነገረ። ደስታው የሁላችንም ነው፤ አባባሉ ግን ትክክል አይደለም፤ ትክክለኛው ታሪክ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ይጥማል።

ታሪኩን ከኒውዮርክ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1891 ዊልያም ኮሊ የተባለ ወጣት ቀዶ ሐኪም አንዲት ለጋ ልጃገረድ በአጥንት ካንሰር ስትሞትበት እጅግ አዘነ፤ የሆስፒታሉንም የቆየ መዝገብ ያገላብጥ ጀመር። በመዝገቡ ውስጥ የአንገት ዕጢ የነበረበትና ቆዳን አቅልቶ በትኩሳት የሚያነድ የባክቴሪያ ሕመም ከያዘው በኋላ ዕጢው የጠፋለት በሽተኛ አገኘ። ኮሊ ይህንኑ ባክቴሪያ ሆን ብሎ በሌላ በሽተኛ ዕጢ ውስጥ በመርፌ አስገባ። ሰውየው ከሞት አፋፍ ደርሶ ተመለሰ፤ ዕጢውም ሟሟ። ኮሊ ምክንያቱን አያውቅም ነበር። ዛሬ እንደምንረዳው፣ የተኛውን የሰውነት ዘበኛ ጠላቱ ባለበት ደጃፍ ላይ ሄዶ ቀስቅሶታል።

ዘበኛው በየት ይቀስቀስ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ሥራ የመከላከያ ኃይልን ልጓም የሚፈቱ መድኃኒቶችን አስገኝቷል። በደም ሥር ገብተው መላ ሰውነትን ስለሚያዳርሱ ግን ዘበኛው አንዳንድ ጊዜ የራሱን ቤት ያፈርሳል፤ አንጀትን፣ ሳንባን፣ የእንቅርት ዕጢን ያጠቃል። መድኃኒቱን ዕጢው ባለበት ቦታ ብቻ የማድረስ ጥበብ የሚፈለገው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ጥበብ ውስጥ ለእኛ እንግዳ ያልሆኑ ነገሮች አሉ። ብዙዎቻችን በክንዳችን ላይ ጠባሳውን ይዘን የምንዞረው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት፣ ቢሲጂ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በካናዳ አልቫሮ ሞራሌስ ባሳተመው ጥናት በቀጭን ቱቦ ወደ ሽንት ፊኛ እየገባ ለፊኛ ካንሰር ሕክምና ዋለ፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። እኛ «ምች መታኝ» ብለን ዳማከሴ የምናሽበትን የከንፈር ቁስል የሚያመጣው ቫይረስ ደግሞ፣ በቤተ ሙከራ ተለውጦ በሜላኖማ ዕጢ ውስጥ በመርፌ እንዲገባ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ተፈቀደ። እናቶቻችን ምችን የፀሐይ ሥራ ነው ይላሉ፤ እነሆ የምቹ ቫይረስ የቆዳ ካንሰር ማከሚያ ሆነ።

ወደ ሳሙናው እንመለስ። በሳሙናው ውስጥ የታሰበው መድኃኒት ኢሚኪሞድ ይባላል፤ አዲስ ግኝት አይደለም። የሠራውም ሌላ ሳይሆን ያው ሽልማቱን የሰጠው ስሪ ኤም ነው! መድኃኒቱ በቅባት መልክ እ.ኤ.አ. በ1997 በመጀመሪያ ለኪንታሮት መሰል የአባላዘር ሕመም ተፈቀደ፤ በ2004 ደግሞ በላይኛው የቆዳ ሽፋን ላይ ለሚቀር አንድ የካንሰር ዓይነት። የሚገርመው መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ በግልጽ የታወቀው ከተፈቀደ ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በጃፓን ነው። ኢሚኪሞድ ካንሰሩን ራሱ መትቶ አይገድልም፤ ቫይረስ የገባ መስሏቸው የቆዳው የመከላከያ ሕዋሳት ኢንተርፌሮን እንዲረጩ ያደርጋል፤ መግደሉ የእነርሱ ድርሻ ነው። ስሪ ኤም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመድኃኒት ክፍሉን ለሌሎች ሸጦ ወጣ። ኩባንያው የተወውን መድኃኒት አንድ የአዲስ አበባ ልጅ በሳሙና ጠቅልሎ መልሶ አመጣለት ማለት ነው።

የልጁ የራሱ ሐሳብ ያለው በመጠቅለያው ላይ ነው። ቅባቱ ለካንሰር ሲታዘዝ ስምንት ሰዓት ያህል በቆዳ ላይ መቆየት አለበት፤ ሳሙና ግን በደቂቃ ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ መድኃኒቱን ከስብ በተሠሩ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ጭኖ፣ አረፋው ሲታጠብ ቅንጣቶቹ በቆዳው ላይ እንዲቀሩ አሰበ። ሳሙናን የመረጠውም ርካሽ ስለ ሆነና በሁሉም ቤት ስላለ ነው። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በአይጦች ላይ ወደ መሞከር ደርሷል። በሰው ላይ የተፈቀደ መድኃኒት ግን አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ስም ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ነበሩ። ከሳሙና አረፋ ውስጥ መድኃኒት ያየ የመጀመሪያው ሐበሻ እርሱ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ነገር ግን የውጭ ተቋማት በሀገር ቤት የተደረገውን ምርመራ አናምንም እያሉ እንዶድ አሥርት ዓመታት ደጅ ጠና። አክሊሉ ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት የተቀበለው በ1989 ነው፤ ያረፈው ደግሞ ኢሚኪሞድ በተፈቀደበት በ1997።

የሄማን መንገድ በዚህ ረገድ የተቃና ነው፤ ቤተ ሙከራው ደጁ ላይ ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የኮዬ ፈጬ ባሬላ ተሸካሚ ጥቁር ቆዳዋ ራሱ ጥላዋ ነው፤ ፀሐይ ቢያደክማትም የቆዳ ካንሰር የሚያመጣባት እምብዛም ነው። በጥቁር ሰው ላይ የቆዳ ካንሰር ሲመጣ ብዙ ጊዜ ፀሐይ የማያየውን የእግር መዳፍ፣ ወይም የቆየ የቃጠሎ ጠባሳን ይመርጣል፤ ያ ደግሞ ወደ ውስጥ ሠርጎ ስለሚገኝ ከቆዳ በላይ የሚቀባ መድኃኒት አይበቃውም። በኢትዮጵያ ፀሐዩ በእርግጥ የሚፈጃቸው አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ናቸው። እነርሱ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ቆዳቸው ይቆስላል፤ ብዙዎቹም ወደ ሆስፒታል የሚደርሱት ቁስሉ ዕጢ ከሆነ በኋላ ነው። ሳሙናው አንድ ቀን ከተሳካ፣ ቁስሉ ገና በላይኛው ሽፋን ላይ ሳለ ሊደርስላቸው የሚችለው ለእነዚህ ነው።

ባለፈው ወደዚያ ስሄድ ከሕንፃዎቹ ሥር ካለች ሱቅ ሳሙና ስገዛ፣ ባለሱቋ የትኛውን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ፤ የገላ ወይስ የልብስ? ሦስተኛ ዓይነት ገና የለም።