ከተቆለፈ መደርደሪያ ወደ አገልግሎት፦ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ሥራና የገጠሙት ለውጦች

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው አምበር፣ በምሥራቅ ጎጃም ዞን የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንዲህ ባለች የወረዳ ከተማ ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚመጣ ተገልጋይ ዛሬ ብዙ ዓይነት ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጀው ተማሪ የማጣቀሻ መጽሐፍ ይሻል። መምህሩ በ2015 ዓ.ም ተግባራዊ መሆን የጀመረውን አዲስ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በኤሌክትሮኒክ ቅጂ ይፈልጋል። የቀበሌ ሠራተኛው ደግሞ በክልሉ ዝክረ ሕግ ወይም በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የወጣ አንድ አንቀጽ ማየት ያስፈልገዋል። ሦስቱንም የሚያስተናግደው አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው።

ባለሙያው መጻሕፍቱን ቆጥሮና ፈርሞ የተረከበ ከሆነና ዓመታዊ የሥራ ምዘናውም መጽሐፍ አለመጉደሉን ብቻ የሚመለከት ከሆነ፣ ለራሱ የሚበጀው መደርደሪያውን መቆለፍ ነው። ያልተዋሰ መጽሐፍ አይጠፋምና። በመሆኑም በቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ረገድ ለውጥ ሲታሰብ ከኮምፒዩተርና ከሕንፃ ቀድሞ መታየት የሚገባው፣ ባለሙያው በምን ይመዘናል፣ ተጠያቂነቱስ እስከምን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍ በሙያው ላይ የመጡትን ዋና ዋና ለውጦችና ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀውን ይዳስሳል።

የሙያው መሠረት

መጽሐፍን መጠበቅ በአገራችን የቆየ ሥርዓት ያለው ተግባር ነው። በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም የሚገኙት ዲማ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያም ለዘመናት የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከላት ሆነው ኖረዋል። በጥንታዊ አድባራትና ገዳማት መጻሕፍት በዕቃ ቤት ይቀመጣሉ። የንብረት ዝርዝር በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ይሰፍራል። መጽሐፉን በሚሰርቅ ወይም በሚፍቅ ላይም ውግዘት ይጻፋል። አንድ የብራና መጽሐፍ ቆዳው ተፍቆ፣ ቀለሙ ተበጥብጦና በእጅ ተጽፎ እስኪያልቅ ወራት በሚፈጅበት፣ ምትኩም በቀላሉ በማይገኝበት ዘመን ጥበቃው ከማንኛውም ሥራ መቅደሙ ተገቢ ነበር።

ዘመናዊው አገልግሎት በመንግሥት ደረጃ የተደራጀው በ1936 ዓ.ም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሲቋቋም ነው። ሕዝቡ ‹‹ወመዘክር›› በሚለው ስም የሚያውቀው ይህ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት የተሰጠው ሲሆን፣ በአገር ውስጥ የሚታተሙ ሥራዎችን ቅጂ የመቀበልና የማቆየት ተግባርም አለው። ዛሬ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በሚል ስያሜ ይሠራል። በተቋሙ ከሚገኙ ቅርሶች የተወሰኑት እ.ኤ.አ. በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ትዝታ መዝገብ ሰፍረዋል።

በከፍተኛ ትምህርት ዘርፍ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ.ም ሲመሠረት፣ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ ሥራዎችን በአንድ ሥፍራ የሚያሰባስብ ቤተ መጻሕፍት አብሮት ተደራጅቷል። ለሙያው ትምህርት ወሳኝ የሆነው ግን እ.ኤ.አ. በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ነው። በዩኔስኮና በካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የተጀመረው ይህ ትምህርት ቤት የአገር ውስጥና የሌሎች አፍሪካ አገሮች ባለሙያዎችን በሁለተኛ ዲግሪ አሠልጥኗል። ከስሙ እንደሚታየው የትምህርቱ ትኩረት ከመጽሐፍ ወደ መረጃ እየተሸጋገረ ነበር።

የካታሎግ ሥራና የአማርኛ ፊደል

አንድ መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ መኖሩና መገኘት መቻሉ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚያገናኛቸው ካታሎግ ነው። በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ባለሙያ ከውጭ የተቀዳ መመሪያ የማይፈታቸው ችግሮች አሉበት።

የመጀመሪያው የፊደል ጉዳይ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ተወልደው በዲማ ጊዮርጊስ የተማሩትን፣ በ1958 ዓ.ም የታተመው ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› ደራሲ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን በኮምፒዩተር መፈለግ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የመጀመሪያው ድምፅ በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ‹‹ስ›› በሁለት፣ ‹‹ዓ›› በአራት፣ የመጨረሻው ‹‹ሁ›› በሦስት ፊደላት ይጻፋል። እነዚህ ሲባዙ አንዱ ስም በ144 መንገድ ሊጻፍ ይችላል ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ለእያንዳንዱ ፊደል የተለየ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ ባለሙያው አንድ መደበኛ አጻጻፍ መርጦ ሌሎቹን ወደዚያ ካላመራ በስተቀር አንባቢው ‹‹የለም›› የሚል መልስ ያገኛል። መጽሐፉ ግን አጠገቡ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የስም አመዘጋገብ ነው። የምዕራባውያን ደንብ ጸሐፊን በቤተሰብ ስም ያስገባል። ኢትዮጵያዊ ግን በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይጠራም። አንዱ ሠራተኛ ‹‹ሐዲስ›› ብሎ፣ ሌላው ‹‹ዓለማየሁ›› ብሎ ከመዘገበ የአንድ ደራሲ ሥራዎች በሁለት ቦታ ይበታተናሉ። ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ‹‹1958›› የሚለው ቁጥር ‹‹ዓ.ም›› ወይም ‹‹እ.ኤ.አ.›› ሳይባል ከተመዘገበ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ይፈጠራል።

አራተኛው የምደባ ሥርዓት ነው። አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተመው የአሥርዮሽ ምደባ በብዙ ቤተ መጻሕፍት ይሠራበታል። በዚህ ሥርዓት የኢትዮጵያ ታሪክ በ963፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ደግሞ በ892.87 ሥር ይገኛል። ለውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ይህ ጠባብ ቦታ ሊበቃ ይችላል። ለወረዳ ቤተ መጻሕፍት ግን ልብ ወለዱ፣ ግጥሙና ተውኔቱ በአንድ ቁጥር ሥር ይከማቻሉ። ስለዚህ ባለሙያው ቁጥሩን ለአካባቢው በሚመች መንገድ መከፋፈልና ያደረገውንም በጽሑፍ ማስፈር አለበት። ማስታወሻው ከሌለ እሱ ሲዛወር የሚተካው ሰው ሥራውን ከመጀመሪያው ለመጀመር ይገደዳል።

የኮምፒዩተር ዘመን መሣሪያዎች

ዩኔስኮ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ‹‹ሲዲኤስ አይሲስ›› የተባለውን የመረጃ ማደራጃ ፕሮግራም በማደል የታዳጊ አገሮች ቤተ መጻሕፍት ከካርድ ወደ ኮምፒዩተር እንዲሸጋገሩ ረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 በኒውዚላንድ ሥራ ላይ የዋለው ‹‹ኮሃ›› ደግሞ ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኝ የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ሲሆን ምዝገባን፣ ውሰትንና ፍለጋን አጣምሮ ይሠራል። ፕሮግራሙ በነፃ ቢገኝም ሥራው ነፃ አይደለም። መዝገብ የሚያስገባ፣ ቅጂ የሚያስቀምጥና ሲበላሽ የሚጠግን ሠራተኛ ይፈልጋል።

የአማርኛ ጽሑፍ የራሱ ታሪክ አለው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ዕትም ከመካተቱ በፊት እያንዳንዱ የጽሑፍ ፕሮግራም የየራሱን የፊደል አቀማመጥ ይጠቀም ነበር። በዚህም ምክንያት በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተተየቡ ፋይሎች የተጻፉበት የፊደል ዓይነት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ። ይህ ችግር የሚመለከተው ቤተ መጻሕፍትን ብቻ አይደለም። ደብዳቤዎቹንና ቃለ ጉባኤዎቹን በእነዚያ ዓመታት የጻፈ መሥሪያ ቤት ሁሉ ፋይሎቹን ወደ ዩኒኮድ ማስቀየር ይኖርበታል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ይሁንና ዕውቅና ያለው ሰነድ ካልተነበበ አይጠቅምም። ይህን ሥራ በየመሥሪያ ቤቱ ለመምራት የሚቀርበው የመዝገብና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው።

ቅጂ ማስቀመጥና የቅጂ መብት

ቅጂ የመኖሩ ጥቅም በኢትዮጵያ በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ፕሮጀክት ከየአድባራቱና ከገዳማቱ 9,000 ያህል መጻሕፍትን በፊልም አንስቶ አንዱን ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላውን በአሜሪካ ሚኒሶታ አስቀምጧል። መጻሕፍቱን በካታሎግ በመግለጽ ረገድ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ድርሻ ከፍተኛ ነው። መጽሐፉ በባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን እንደቆየ ይዘቱ ለተመራማሪ ደረሰ። እዚህ ላይ ጥበቃና አገልግሎት አልተጋጩም።

በተቃራኒው ቅጂ የሌለው ስብስብ በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። በሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም ወሎና ወልዲያ ዩኒቨርሲቲዎች ዝርፊያና ውድመት ደርሶባቸዋል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የካታሎጉና የአካባቢ ሰነዶች ቅጂ ከሕንፃው ውጭ መቀመጥ እንዳለበት ነው።

ቅጂ ማዘጋጀት ግን የሕግ ዕውቀት ይጠይቃል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት በተወሰነ ሁኔታ የማባዛት ፈቃድ ይሰጣል። ይህ ማለት የደራሲን ሙሉ መጽሐፍ ቃኝቶ በስልክ ማሠራጨት ተፈቅዷል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመውና ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የማራካሽ ስምምነት ዓይነ ስውራንና ኅትመት ማንበብ የማይችሉ ሰዎች በሚመቻቸው ቅርጽ ቅጂ እንዲያገኙ ያስችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላም ማን ምን እንደተዋሰ የሚያሳየው መዝገብ በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል።

አንባቢው ወዳለበት መሄድ

በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ለኢትዮጵያ ሕፃናት በቋንቋቸው የተዘጋጀ መጽሐፍ እምብዛም አለመኖሩን ተገንዝበው ወደ አገራቸው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በኋላም በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ በሚጎተት ጋሪ ወደ ሕፃናቱ የሚያደርስ ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። መሣሪያው በየገጠሩ የታወቀ የዘወትር መሣሪያ ነበር። አዲስ የነበረው ባለሙያው አንባቢን ከመጠበቅ ይልቅ ወደ አንባቢ መሄዱ ነው።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ በር ሲዘጋ አገልግሎቱ አብሮ የሚቆም ቤተ መጻሕፍት ምን ያህል ተጋላጭ እንደሆነ ታይቷል። የኢትዮጵያ ትምህርትና ምርምር ኔትወርክ የሚያስተናግደው ብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ለዚህ ዓይነቱ ፍላጎት መልስ የሚሰጥ ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ለንባብ የተሰጠውን ትኩረት አሳይቷል። በወረዳ ደረጃ ግን ትልቅ ሕንፃ ላይኖር ይችላል። በአንድ ኮምፒዩተርና በአንድ ፍላሽ የተጫኑ ሕጎችና የመማሪያ መጻሕፍት፣ የት እንዳሉ ከሚያውቅ ባለሙያ ጋር፣ ለብዙ ተገልጋይ ይበቃሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት መጀመሩም በቤተ መጻሕፍት የምትገኘውን አንዲት ኮምፒዩተር ዋጋ ከፍ ያደርገዋል።

ከኃላፊዎች የሚጠበቀው

ከላይ ከተዘረዘሩት አንፃር በወረዳና በዞን ደረጃ ያሉ ኃላፊዎች ሊያተኩሩባቸው የሚገቡ ጉዳዮች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ የሥራ ምዘናው ‹‹ስንት መጽሐፍ አለ›› ከሚለው በተጨማሪ ‹‹ስንት ሰው ተገለገለ፣ ስንት መጽሐፍ ተዋሰ፣ ስንት ጥያቄ መልስ አገኘ፣ ያልተመለሰውስ ምን ነበር›› የሚለውን ማካተት አለበት። ለቀጣዩ ዓመት ግዥ ዋናው መነሻ መልስ ያላገኙ ጥያቄዎች ዝርዝር ነው።

ሁለተኛ፣ በአገልግሎት ብዛት አርጅቶ የተቀደደ ወይም ተውሶ ያልተመለሰ መጽሐፍ በምን አግባብ ከመዝገብ እንደሚሰረዝ በጽሑፍ መወሰን ይገባል። ቸልተኝነት ያስጠይቃል። ይሁንና ባለሙያው በአግባቡ ላዋሰው መጽሐፍ ሁሉ ከደመወዙ የሚከፍል ከሆነ መቆለፍን ይመርጣል፤ ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ በቦታው የሚመደበው ሠራተኛ ለሙያው የተዘጋጀ፣ ወይም ቢያንስ ሥልጠና የሚያገኝ መሆን አለበት። ከሌላ ክፍል የተነሣ ሠራተኛ የሚቀመጥበት ቦታ ከሆነ ካታሎጉ ይቋረጣል።

አራተኛ፣ በስጦታ የሚመጣ መጽሐፍ ከመደርደሪያ በፊት ሊመረጥ ይገባል። ጊዜ ያለፈበት የኮምፒዩተር መመሪያ ወይም አንባቢ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ቦታ ከመያዝ ያለፈ ፋይዳ የለውም። በአንጻሩ የወረዳው ዓመታዊ ሪፖርት፣ የአካባቢው ታሪክና የአረጋውያን ቃል የተቀዳበት ቴፕ ሌላ ቦታ ስለማይገኙ ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል።

የጥንቱ የዕቃ ቤት ጠባቂ መጽሐፉን ሳያጎድል ለተተኪው ሲያስረክብ ግዴታውን ፈጽሟል። የዛሬው ባለሙያ ግዴታ ግን ከዚያ ያልፋል። በአምበርም ሆነ በሌላ የወረዳ ከተማ ለፈተና የሚዘጋጀው ተማሪ፣ መምህሩና የቀበሌ ሠራተኛው የፈለጉትን አግኝተው ከወጡ ቤተ መጻሕፍቱ ሥራውን ሠርቷል። ሳያገኙ ተመልሰው መደርደሪያው ሳይጎድል ከተገኘ ግን የዓመቱ ቆጠራ ትክክል ቢሆንም አገልግሎቱ ጎድሏል።