የሰሜን መጻሕፍትና የንጽጽር ሥነ ጽሑፍ ከፍተኛ ትምህርት

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው መንገድ በወገራ ደጋ ላይ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ በሊማሊሞ ገደል ወደ ቆላ ይወርዳል። ይህ አገር በታሪክ የታወቀው በዘመቻ ነው። ዐፄ ዐምደ ጽዮን በ1332 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን፣ በወገራና በጸለምት በሚኖሩ፣ ዜና መዋዕሉ በእምነታቸው ከአይሁድ ጋር በሚያመሳስላቸው ሰዎች ላይ ጦር ልከዋል። ዐፄ ይስሐቅ በኮሶጌ ድል እንዳደረጉ ይነገራል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው፣ ዐፄ ሱስንዮስ በ17ኛው ምዕት ዓመት ወደ ሰሜን ተራሮች ዘምተዋል። ዐፄ ቴዎድሮስም ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው በ1855 ዘውድ የጫኑት በሰሜን፣ በደረስጌ ማርያም ነው። ነገር ግን በጦር የተለያዩት ወገኖች በመጽሐፍ ሲገናኙ ኖረዋል። ይህ መገናኘት ከዘመቻው ይልቅ ለመመርመር አስቸጋሪ የሆነው ምርመራው ከአንድ በላይ ትምህርት ስለሚጠይቅ ነው።

በገድለ ያፍቅረነ እግዚእ ውስጥ ቆዝሞስ የሚባል መነኩሴ ይጠቀሳል። ዘመኑ የዐፄ ዳዊት ዘመን፣ ማለት የ14ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና የ15ኛው መጀመሪያ ነው። ይህ ሰው ከጣና ገዳም ወጥቶ በሰሜንና በጸለምት ወደሚኖሩት የኦሪት ሰዎች ገባ፤ እነርሱም እንደ ነቢይ ተቀበሉት፤ በኋላም በዐመፅ አስነሥቷቸው ሲዋጋ በንጉሡ ትእዛዝ በዘመተበት ጦር ተሸነፈ። ገድሉን የጻፈው የተቃራኒው ወገን ሰው ስለ ሆነ ስለ ቆዝሞስ በጎ ነገር ይናገራል ተብሎ አይጠበቅም፤ አይናገርምም። ይሁን እንጂ እግረ መንገዱን አንድ ትልቅ ነገር ያስረዳል፤ ይኸውም ቆዝሞስ ለእነዚያ ሰዎች ኦሪትን ጽፎ የሰጣቸው መሆኑን ነው። የጠላት ምስክርነት ባላሰበው ነገር ላይ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ይታመናል። ከዚህ በኋላ በ15ኛው ምዕት ዓመት አባ ሳብራ የተባለ ሌላ መነኩሴ ወደ ቤተ እስራኤል ገብቶ ሥርዐተ ምንኵስናን እንደ መሠረተላቸው የራሳቸው ትውፊት ይናገራል። እንግዲህ የተቃዋሚው ገድልና የማኅበሩ ትውፊት በየራሳቸው መንገድ ሄደው በአንድ ነገር ይገጥማሉ።

የቤተ እስራኤል ኦሪት በግእዝ የተጻፈ ነው፤ የግእዙም ትርጉም የተወሰደው ከጽርእ ነው እንጂ በቀጥታ ከዕብራይስጥ አይደለም። ይህን ለማስረዳት ግእዝ ብቻውን አይበቃም፤ ጽርእና ዕብራይስጥ የማያውቅ ተማሪ ክርክሩን መከተል አይችልም። ሌሎቹ መጻሕፍታቸው ደግሞ ዐረብኛን ይጨምራሉ። የሙሴን ሞት የሚተርከው ሞተ ሙሴ ከዐረብኛ የመጣ መሆኑ ታውቋል። የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ ገድል በክርስቲያኖችም ዘንድ ይገኛል። መጽሐፈ አርድእት በክርስቲያኖች ዘንድ ክርስቶስ ለደቀ መዛሙርቱ የነገራቸው ምሥጢራዊ ስሞች መጽሐፍ ሲሆን፣ የቤተ እስራኤል ጸሓፊ የክርስትናውን ቃል እያወጣ በሌላ ተክቶታል። በመጻሕፍቱ መግቢያም የሥላሴ ስም በሚጠራበት ስፍራ የእስራኤል አምላክ ይባረካል። እንዲህ ያለውን ሥራ ግልባጭ ብቻ ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። ጸሓፊው የቱን አስቀርቶ የቱን እንዳወጣ ቃል በቃል የሚያነጻጽር ሰው የማኅበሩን እምነት ከማንኛውም የመንገደኛ ማስታወሻ ይልቅ በዚያ ያገኘዋል።

በአገሩ ሥርዐት ከሁሉ ከፍ ያለው ትምህርት የሚገኘው በጎንደር ጉባኤ ነበር። ከንባብ ቤት፣ ከዜማ ቤትና ከቅኔ ቤት ያለፈው ተማሪ ወደ መጻሕፍት ቤት ገብቶ ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን ይሰማል፤ አራቱን የፈጸመው አራት ዓይና ይባላል። መምህሩ ግእዙን አንብቦ በዐማርኛ ይተረጕማል፤ «አንድም» እያለም ሌላውን ፍቺ፣ ታሪኩን፣ በሌላ ቅጂ የሚገኘውንም የተለየ ንባብ ይደረድራል። እንግዲህ የንጽጽር ሥራ ለጎንደር ሊቃውንት እንግዳ አልነበረም። ሮጀር ካውሊ በ1983 እና በ1988 በካምብሪጅ ባሳተማቸው ሁለት መጻሕፍት እንዳስረዳው፣ ከአንድምታው ብዙው በዐረብኛ በኩል እስከ ሶርያ መተርጕማን፣ በ1043 በባግዳድ እስከ ሞተው እስከ ኢብን አጥ ጠይብ ድረስ የሚደርስ ሥር አለው። ሆኖም ጉባኤው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ነውና የቤተ እስራኤልን መጻሕፍት ከራሱ መጻሕፍት ጋር አላስተያየም።

አውሮፓውያን የጀመሩት ከሌላው ጫፍ ነው። ዮሴፍ ሃሌቪ በ1867 እና በ1868 ከፓሪስ በአይሁድ ማኅበር ተልኮ መጣ፤ ጸሎታቸውን በ1877፣ ትእዛዘ ሰንበትን በ1902 አሳተመ። ቮልፍ ሌስላው በ1951 የመጻሕፍታቸውን ስብስብ በእንግሊዝኛ አወጣ፤ ኤድዋርድ ኡሌንዶርፍ በ1961 ስለ ሞተ ሙሴ፣ ማክስ ዉርምብራንድ በ1964 ስለ መጽሐፈ አርድእት ጻፉ። (በእነዚህ ጽሑፎች አርእስት ላይ የሚነበበው «ፈላሻ» የሚለው ስም ማኅበሩ የማይወደው ስም ነው።) በቋንቋ ዕውቀት እነዚህን ሊቃውንት የሚነቅፍ አይገኝም። የጎደላቸው ዜማው ነው፤ ጸሎት የሚባል መጽሐፍ ደግሞ ያለ ዜማ ግማሽ ነው።

ይህን ጕድለት የሞላችው ኬይ ሸለመይ ናት። በ1973 ከጎንደር አጠገብ በምትገኘው በአምቦበር ተቀምጣ የቤተ እስራኤልን ጸሎት ቀዳች። ፍለጋዋ የጥንት አይሁድ ዜማ ነበረ፤ ቀድታ ስትመረምረው ግን ሥርዐቱ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሰዓታትና ዜማ ጋር የተሳሰረ ሆኖ አገኘችው። ይህን ለማረጋገጥ የቤተ ክርስቲያኑንም ዜማ ከባለሙያዎቹ መማር ነበረባት። ለሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ1977 ያቀረበችው የዶክትሬት ጽሑፍና በ1986 ያሳተመችው መጽሐፍ የተሠሩት ከዚህ ነው። ጄምስ ኩዊሪንም በዚያው በ1977 በታሪክ በኩል፣ የአረጋውያንን ቃል ከዜና መዋዕልና ከገድል ጋር እያስተያየ፣ ለዶክትሬት ያቀረበው ጽሑፍ ወደዚያው ያመራል። ዜማ፣ ታሪክና የመጽሐፍ ምርመራ ለየብቻቸው ሲሄዱ ሊደርሱበት ያልቻሉት ነገር፣ ማለት የቤተ እስራኤል ሥርዐተ ጸሎት ከ14ኛውና ከ15ኛው ምዕት ዓመት ወዲህ በዚሁ አገር የተቀረጸ መሆኑ፣ ሦስቱ ሲገናኙ ተገለጠ።

ውጤቱ ለሁሉ የሚጥም አልሆነም። ማኅበሩን የጥንቱ የእስራኤል ቅሬታ አድርጎ ለሚያየው መራራ ነው፤ የራሱ መነኮሳት ለሌላው ሃይማኖት መጽሐፍ መጻፋቸውን መስማት ለማይወደው ክርስቲያንም አይጣፍጥም። ከዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ መጽሐፍ መዋስ እምነት መዋስ አይደለም፤ ዜና መዋዕሉ እንደሚያሳየው እነዚህ ሰዎች ከቆዝሞስ በፊትም በሰሜን ነበሩ።

ከአገሩ ልጆች ይህን ድልድይ ለመሻገር ቀድመው የተዘጋጁት ታምራት አማኑኤል ናቸው። ያዕቆብ ፋይትሎቪች በመጀመሪያው ጕዞው መጨረሻ በ1905 ከጌጤ ኤርምያስ ጋር ወደ አውሮፓ ወስዷቸው በፓሪስና በፊሬንዜ ተማሩ፤ ተመልሰውም በአዲስ አበባ የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ኀላፊ ሆኑ። ግእዝና ዕብራይስጥ የተገናኙላቸው ሰው ነበሩ፤ ግን ጊዜያቸውን የወሰደው ትምህርት ቤቱና የመንግሥት ሥራ ነው፤ በ1963 በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

በአገር ውስጥ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1978 ሲቋቋም ሥነ ጽሑፍ በአንድ ክፍል፣ ታሪክ በሌላ ክፍል ተመደበ። የጽሑፍ ምርመራ (ፊሎሎጂ) የራሱን ስፍራ ያገኘው በኋላ ነው። በዚሁ ዘመን ባለመጻሕፍቱ ራሳቸው አገር ለቀቁ። በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ወደ እስራኤል ሄዱ። ኦሪትን በግእዝ አንብበው በዐማርኛ ወይም በትግርኛ የሚተረጕሙት ቄሶች አብረው ሄዱ፤ ትርጓሜያቸው በአብዛኛው በቃል የሚተላለፍ ነው። ግእዙን አንብቦ በአገር ቋንቋ የመፍታቱ ሥርዐት የጎንደርን መጻሕፍት ቤት ያስታውሳል፤ የሁለቱ ዝምድና እስከ ምን እንደሚደርስ ገና ብዙ ምርመራ ይፈልጋል፤ የሚያስቸኵለውም የቄሶቹ ዕድሜ ነው።

በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ በ2020 ግድም ለዚህ ሥራ የማስተርስ ትምህርት ተከፍቶ የስደተኞቹ ልጆች ግእዝን ከፊደሉ ጀምረው እየተማሩ የቄሶቹን ትርጓሜ ይመዘግባሉ። ደባርቅም ከ2018 ግድም ጀምሮ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። በዚያ አካባቢ ያደገው ተማሪ ዐማርኛው በአፉ ነው፤ የቅኔና የዜማ መምህራንም ከደጁ አይርቁም፤ የሚያስቸግረው ዕብራይስጡና ዐረብኛው ነው። የቴል አቪቩ ተማሪ ችግር የዚህ ግልባጭ ነው።