ዱባና ቅል በአንድ ማዕድ

የነገሥታት ዜና መዋዕል ማን ማንን ድል እንደ ነሣ፣ ማን በማን ዙፋን እንደ ተቀመጠ አጥብቆ ይተርካል። በዚያው ዘመን ሕዝቡ ምን ይበላ እንደ ነበር ግን አልፎ አልፎ፣ ያውም ረኃብ ሲገባ ብቻ ያነሣል። ሆኖም የአንድ ሕዝብ ማዕድ ከሐውልቱ ያላነሰ የታሪክ ምስክር ነው። ማን ዘራው? ማን ፈጨው? ማን በላው? ማንስ ከማዕዱ ተገፋ? ብለን ስንጠይቅ፣ ከአንድ ድስት ውስጥ የመርከብ ጉዞ፣ የባርነት ሰንሰለት፣ የጦርነት አመድና የጸሐፊዎች ብዕር አብረው ይወጣሉ።

እዚህ የምንመለከተው በሰሜን አሜሪካ የታወቀ አንድ የበዓል ምግብ ነው፤ የዱባ ፓይ። ፓይ ማለት በመጋገሪያ ሣህን ላይ ስስ ሊጥ ተነጥፎ፣ በውስጡ ፍሬ ወይም ሥጋ ተሞልቶ የሚጋገር ምግብ ነው። በዱባው ዓይነት የተፈጨ ዱባ ከወተት፣ ከእንቁላል፣ ከስኳርና ከቅመም ጋር ተዋሕዶ በስንዴ ሊጥ ላይ ይፈስሳል። በኅዳር የምስጋና ቀን ያለ እርሱ ገበታ አይሞላም፤ ከገና ማዕድም አይታጣም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ከዚሁ ፓይ እህሉንና ወተቱን አውጥቶ መጋገር በብዙ ቤት ተለምዷል። ነገሩን የዘመን አመጣሽ ቅብጠት አድርገው የሚቆጥሩት አሉ። የዚህ ጽሑፍ አሳብ የዚያ ተቃራኒ ነው፤ ያለ ስንዴና ያለ ወተት የተሰናዳ ዱባ ከፓዩ በብዙ ሺህ ዓመታት ይቀድማል። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሁለት ፍሬዎች ጉዞ

አበው «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይላሉ። ቅጠላቸው ይመሳሰላል፤ ሐረጋቸው በአንድ አጥር ላይ ይጠላለፋል፤ ፍሬያቸው ግን አንዱ ለድስት፣ ሌላው ለዕቃ ነው። ምሳሌውን የተናገሩት አበው ሊያውቁት ያልቻሉትን ነገር ደግሞ የዛሬው ሳይንስ ጨምሮበታል። የሁለቱ ትውልድ አገር ራሱ ለየቅል ነው።

ቅል የአፍሪካ ልጅ ነው። ነገር ግን የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በአሜሪካ ምድር ይገኝ ነበር። በ2014 የታተመ የዘር ምርመራ እንዳመለከተው፣ ወደዚያ የደረሰው ከአፍሪካ ተነሥቶ በአትላንቲክ ማዕበል ላይ እየተንሳፈፈ ነው። የደረቀ ቅል ውሃ የማያስገባ ቅርፊት አለው፤ በውስጡም ዘሩ ሕይወቱን ጠብቆ ይቆያል። እነሆ፣ መርከብ ሳይሠራ ቅል ራሱ መርከብም መርከበኛም ሆኖ ውቅያኖስ ተሻገረ።

ዱባ ደግሞ የአሜሪካ ልጅ ነው። በሜክሲኮ፣ በኦአሃካ ግዛት በሚገኘው በጊላ ናኪትስ ዋሻ የተገኙት የዱባ ዘሮች፣ ብሩስ ስሚዝ በ1997 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ወደ 10,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አላቸው። በዚያ ምድር ዱባ ከበቆሎ በብዙ ሺህ ዓመታት ቀድሞ ለማዳ ሆኗል ማለት ነው። ወደ አሮጌው ዓለም የተሻገረው ግን ከኮሎምቦስ ጉዞ፣ ማለትም ከ1492 በኋላ ነው። «ዱባ» የሚለው ስምም የዐረብኛ ዝርያ ሲሆን፣ በጥንቱ ዐረብኛ የሚጠራበት የቅሉ ወገን ነበር። እንግዳው ፍሬ ሲመጣ የባለቤቱን ስም ለበሰ። ስሙ ከቅል፣ ሥጋው ከባሕር ማዶ የሆነውን ይህን ፍሬ ነው እኛ ዛሬ ከጓሯችን ቆርጠን ወጥ የምንሠራው።

ያልነበረው ፓይ

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዘመን ሲነገር የኖረው ትረካ እንዲህ ነው፤ በ1620 በፕሊመዝ የሰፈሩት እንግሊዛውያን በ1621 መከራቸው አልፎ መኸር ሲያስገቡ ከአገሬው ሰዎች ጋር በአንድ ማዕድ ተቀመጡ፤ የዱባ ፓይም በሉ።

ማዕዱ እውነት ነው። ኤድዋርድ ዊንስሎው የተባለው ሰፋሪ በጻፈው ደብዳቤ የዋምፓኖአግ ሕዝብ መሪ ማሳሶይት ከ90 ያህል ሰዎች ጋር መጥቶ ሦስት ቀን መሰንበቱን፣ ሰዎቹም አምስት አጋዘን አድነው ማምጣታቸውን ገልጿል። ፓዩ ግን የኋላ ዘመን ፈጠራ ነው። ወደ ፕሊመዝ የመጀመሪያዎቹ ላሞች የደረሱት በ1624 ነው። ላም በሌለበት ወተትም ቅቤም የለም፤ የስንዴ ዱቄትም ብርቅ ነበር። በዚያ በዓል ላይ ዱባ ቀርቦ ከነበረ፣ የቀረበው በፍም ተጠብሶ ወይም ተቀቅሎ መሆን አለበት። በሌላ አነጋገር የመጀመሪያው የምስጋና ዱባ ስንዴም ወተትም የማያውቀው ነበር።

ይህንንም ያስተማሯቸው የአገሩ ባለቤቶች ናቸው። የዋምፓኖአግ ገበሬዎች በቆሎን፣ ባቄላንና ዱባን በአንድ ጉብታ ላይ ይዘሩ ነበር። የበቆሎው አገዳ ለባቄላው ሐረግ ምርኩዝ ይሆናል፤ ባቄላው መሬቱን ያዳብራል፤ የዱባው ሰፊ ቅጠል አፈሩን አልብሶ እርጥበቱን ይጠብቃል፤ አረምንም ያፍናል። የጎደላቸው ወተት ብቻ ነበር ብንል እንኳ እንሳሳታለን። በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የተጓዘው ዊሊያም ባርትራም በ1770ዎቹ የክሪክ ሕዝቦች የሂኮሪን ፍሬ ወቅጠው፣ በፈላ ውሃ ውስጥ ጨምረውና አጥልለው እንደ ክሬም የወፈረ ነጭ ፈሳሽ እንደሚያወጡ፣ በምግባቸውም እንደሚጨምሩት ጽፏል። ሂኮሪ የሚለው ስም ራሱ ከአገሬው ቋንቋ የመጣ የዚሁ መጠጥ ስም ነው። በጾም ወራት ሱፍ ቆልታ፣ ወቅጣና አጥልላ ለፍትፍት የምታዘጋጅ ኢትዮጵያዊት እናት ይህን ሥራ ብታይ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም።

የዚያ ማዕድ ፍጻሜ ግን መራራ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1675 እና በ1676፣ የማሳሶይት ልጅ ሜታኮም ከአባቱ እንግዶች ጋር ጦር ተማዘዘ፤ ተሸነፈም። ራሱ ተቆርጦ በፕሊመዝ በእንጨት ላይ ተሰቀለ፤ ከወገኖቹም ብዙዎች በባርነት ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተሸጡ። ከ1970 ጀምሮ የዋምፓኖአግ ተወላጁ ዋምሱታ ፍራንክ ጄምስ ባስጀመረው ሥርዓት፣ ሌላው አሜሪካዊ በሚያመሰግንበት ዕለት የአገሬው ተወላጆች በፕሊመዝ ተሰብስበው ኀዘናቸውን ይገልጻሉ። አንዱ ማዕድ ለአንዱ ምስጋና፣ ለሌላው ሙሾ ሆኗል።

ብዕርና ሊጥ

ዱባ በሊጥ ላይ የወጣው በአውሮፓ ነው። የፈረንሳዩ ወጥ ቤት ላ ቫሬን በ1651 ባሳተመው መጽሐፍ በወተት የተቀቀለ የዱባ ቱርት አሠራር አስፍሯል። በአሜሪካ ደግሞ በ1796 በሃርትፎርድ ከተማ አሚሊያ ሲመንስ የተባለች ሴት በአሜሪካዊ ደራሲ እጅ የተጻፈውን የመጀመሪያ የምግብ መጽሐፍ አወጣች። በመጽሐፏ ርእስ ገጽ ላይ ራሷን የምታስተዋውቀው በወላጅ አልባነቷ ነው። ሁለት ዓይነት የዱባ አሠራር ትሰጣለች፤ አንደኛው ክሬምና ዘጠኝ እንቁላል የሚጠይቅ የባለጸጋ፣ ሁለተኛው ወተት፣ አራት እንቁላልና ሞላሰስ የሚበቃው የመካከለኛ ሰው ነው። የመደብ ልዩነት በሁለት አጫጭር አንቀጾች ተጽፎ ተቀምጧል። ሞላሰሱም ቢሆን በካሪቢያን የሸንኮራ እርሻ ከሚማቅቁት አፍሪካውያን ላብ የተጨመቀ ነበር። የፓዩ ጣፋጭነት የቱን ያህል ምሬት እንደ ጠጣ ከዚህ መገመት ይቻላል።

በዚሁ ምክንያት ይመስላል፣ ፓዩን ያወደሱት ብዕሮች ባርነትን የሚያወግዙ መሆናቸው የሚያስደንቅ ነው። ሊዲያ ማሪያ ቻይልድ በ1829 ለቁጠባ ቤቶች ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ አንድ እንቁላል ለአንድ ሊትር ገደማ ወተት ይበቃል ብላ ድኻዋን እመቤት አጽናናች። ይህችው ደራሲ በ1833 ባርነትን የሚቃወም መጽሐፍ አውጥታ በዚያ ምክንያት ብዙ አንባቢዎቿን አጣች። ስለ ዱባ ቅኔ የጻፈው ጆን ግሪንሊፍ ዊቲየርም የጸረ ባርነት ትግል ገጣሚ ነበር። ሳራ ጆሴፋ ሄል በ1827 ባወጣችው «ኖርዝውድ» በተሰኘ ልቦለድ የምስጋና ገበታን ከነዱባ ፓዩ በዝርዝር ሥላ፣ ከዚያም ዕለቱ ብሔራዊ በዓል እንዲሆን ለፕሬዚዳንቶች ዓመታት ሙሉ ስትጽፍ ኖረች። በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል፣ በጥቅምት 3 ቀን 1863፣ አብርሃም ሊንከን አዋጁን አወጣ። ከደቡብ ባሪያ አሳዳሪዎች ዘንድ በዓሉን የሰሜኖች ነገር ነው ብለው የተጠራጠሩት ነበሩ። ልቦለድ የጀመረውን መንግሥት ፈጸመው፤ ለደራስያን ይህ ትንሽ ትምህርት አይደለም።

ፋብሪካውና ሐኪሙ

በሃያኛው ምዕተ ዓመት ዱባው ወደ ቆርቆሮ ገባ። የኢሊኖይ ግዛት እርሻዎች የታሸገ ዱባ ማእከል ሆኑ። «ሊቢስ» የተባለው ኩባንያ ከ1950 ጀምሮ በቆርቆሮው ላይ ያተመው አሠራር፣ ማለትም 425 ግራም ያህል ዱባ፣ አንድ ቆርቆሮ የተነነ ወተትና ሁለት እንቁላል፣ የአገሪቱን ጣዕም አንድ ወጥ አደረገው። የኢንዱስትሪው እጅ የአያቶችን እጅ ተካ።

በዚያው ዘመን ግን ሁሉም ሰው ከዚህ ማዕድ እኩል እንደማይካፈል ታወቀ። ዊለም ዲከ የተባለ የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም በ1950 ለዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ሴሊያክ በተባለ የአንጀት ሕመም የሚሠቃዩ ሕፃናትን የሚጎዳቸው ስንዴ መሆኑን አሳየ። በ1944 እና በ1945 በነበረው የጦርነት ረኃብ ወቅት፣ ዳቦ በጠፋበት በዚያ ክረምት፣ ሌላው ሕፃን ሲከሳ የእርሱ ሕሙማን ይሻላቸው ነበር። ዛሬ ከመቶ ሰው አንዱ ያህል ይህ ሕመም እንዳለበት ይገመታል። ወተትም ቢሆን፣ ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛው ገደማ የወተትን ስኳር የመፍጨት ዐቅማቸው ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል። የሰሜን አውሮፓ ሰው ተፈጥሮ የዓለም ሁሉ ሚዛን ተደርጎ መወሰዱ ስሕተት ነበር ማለት ነው።

የዛሬው ምድጃ

ያለ እህልና ያለ ወተት የሚጋገረው ፓይ እንግዲህ እንዲህ ነው። የስንዴ ሊጥ የሚያያዘው በውስጡ ባለው ግሉተን ነው፤ የአልመንድ ዱቄት ግን ይህ የለውም። ስለዚህ 200 ግራም ያህል የአልመንድ ዱቄት ከአንድ እንቁላል፣ ከሦስት ወይም ከአራት ማንኪያ የኮኮናት ዘይትና ከጨው ቁንጥር ጋር ይለወሳል። ይህ ሊጥ በመዳመጫ አይዳመጥም፤ ይፈረካከሳልና። በጣት እየተጫኑ ሣህኑ ላይ ማስተካከል ይበጃል። በ175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሥር ደቂቃ ያህል ብቻውን ይጋገራል።

ለሙላቱ 425 ግራም የተፈጨ ዱባ፣ አንድ ብርጭቆ ወፍራም የኮኮናት ወተት፣ ሦስት እንቁላል፣ ግማሽ ብርጭቆ የሜፕል ዛፍ ሽሮፕ፣ ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ገውዝና ጥቂት ቅርንፉድ ይመታል። ዱባው ትኩስ ከሆነ ቀድሞ ተጠብሶ በንጹሕ ሻሽ ውሃው ይጠለል፤ ውሃ የያዘ ዱባ አይረጋምና። የቅቤውን ስፍራ የሚይዘው የኮኮናቱ ስብ ነው፤ የሚያረጋው እንቁላሉ ነው። ጠርዙ ረግቶ መካከሉ ገና ሲርገበገብ፣ ከ50 ደቂቃ ገደማ በኋላ፣ ይወጣል። በራሱ ሙቀት ይጨርሳልና። ከዚያ በላይ ቢቆይ እንቁላሉ ይኮማተራል፤ ፓዩም ይሰነጠቃል። የአልመንዱ ጠርዝ ቶሎ ስለሚያር በአሉሚኒየም ወረቀት መሸፈን ይገባል። ለሰዓታት ሳይቀዘቅዝ አይቆረጥም።

ጾምና ምስጋና

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ምኑ ነው? ይባል ይሆናል። የአሜሪካ የምስጋና ቀን የኅዳር ወር አራተኛው ሐሙስ ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ22 እስከ 28 ባለው ይውላል። የነቢያት ጾም በእኛ ኅዳር 15፣ ማለትም በእነርሱ ኖቬምበር 24 ገደማ ይገባል። ስለዚህ በዋሽንግተን ወይም በሌላ የአሜሪካ ከተማ የሚኖር የኦርቶዶክስ አማኝ ቤተሰብ፣ አገሩ በሙሉ ወደ ቅቤና ወደ ሥጋ ሲዞር፣ በአብዛኛው ዓመት ጾም ላይ ይገኛል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት የፓይ ዜና ይዘው ይመጣሉ፤ እናት የሱፍና የዱባ ወጥ ታሰናዳለች። ጎረቤት ያለ ወተት የጋገረውን ፓይ ይዞ ቢመጣ እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ እንቁላልም በጾም አይበላምና። እርሱም መላ አለው። በእንቁላሉ ፈንታ የካሳቫ ስታርች ይገባል፤ ሲፈላ ይወፍራል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ከእንሰት ቆጮና ቡላ አውጥቶ ለሚኖር ሕዝብ ደግሞ እህል ያልሆነ ምግብ ተአምር አይደለም።

በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ክርስቲያን በጾሙ የአልመንድ ወተት ይጠጣ ነበር። የክሪክ እናት ሂኮሪ ትወቅጥ ነበር። የእኛዋ ሱፍ ትወቅጣለች። ሦስቱ አልተዋወቁም፤ ሙቀጫቸው ግን አንድ ቃል ይናገራል። አንዱን በሃይማኖት፣ ሌላውን በመልክዐ ምድር፣ ዛሬ ደግሞ ብዙዎችን በሕመም ምክንያት የጎደለው ነገር፣ በእጃቸው ካለው ፍሬ ተሞልቷል። የበዓል ማዕድ ዋጋም የሚለካው በምን ያህል ቅቤ እንደ ተሠራ ሳይሆን፣ በዙሪያው ተቀምጦ ሳይበላ የሚነሣ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። የ1621ዱ ማዕድ በዚህ ሚዛን ላይ ወድቋል፤ እንግዳ የሆነው ባለቤቱን አስነሥቷልና። ዱባና ቅል አበቃቀላቸው ለየቅል ቢሆንም፣ ከኮሎምቦስ በፊት በአንድ የአሜሪካ ጓሮ ሳይገፋፉ አብረው በቅለው ነበር። ከሁለቱ ሐረጎች የሰው ልጅ የሚማረው ገና ብዙ ነው።