የመጨረሻውን ዓመት ያዙ

«ጋሼ፣ ያገለገለ ጎልድ ዊንግ ልገዛ አስቤያለሁ፤ የስንት ዓመተ ምሕረቱ ይሻላል?» የአገሬ ልጆች ኮሎምበስ ኦሃዮ ያለው ጋራዤ ድረስ መጥተው ይጠይቁኛል። መልሴ አንድ ነው፦ ሞዴሉ ሊቀየር ሲል የተሠራውን ያዙ። ጀማሪውን ሞዴል ገዢዎች ይፈትኑታል፣ ፋብሪካው ያርመዋል፣ የታረመው መጨረሻ ላይ ይወጣል። የዚህ የሆንዳ የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ብዙው ታሪክ የተሠራው ደግሞ እዚሁ ደጃችን፣ ሜሪስቪል በነበረው የሆንዳ የሞተር ሳይክል ፋብሪካ ነው።

ጎልድ ዊንግ መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው በ1974 መገባደጃ፣ ጀርመን ኮሎኝ ውስጥ ነው፤ ጃንሆይ ከዙፋን በወረዱበት በዚያው መኸር ማለት ነው። ገበያ የወጣው ግን የ1975 ሞዴል ተብሎ ነው። አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተጋደሙ፣ 999 ሲሲ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ የኋላ ጎማውን በካቴና ሳይሆን በዘንግ የሚያዞር ነበር። የቤንዚን ታንኩ መቀመጫው ሥር ነው። ከፊት ታንክ የሚመስለው ሽፋን ሲከፈት፣ ባትሪ ቢደክም የምታስነሱበት የእግር ማስነሻ ተቀምጦ ይገኛል። በ1978 ይህ ማስነሻ ቀረ።

የንፋስ መከላከያም ሆነ የዕቃ ሳጥን አልነበረውም። አሜሪካውያኑ ግን ከክሬግ ቬተር ዊንድጃመር የሚባለውን መከላከያ እየገዙ፣ ሳጥን እየገጠሙ አገር ያቋርጡበት ጀመር። ሆንዳ ይህን አይቶ በ1980 ጂኤል 1100ን ሲያወጣ፣ መከላከያውንና ሳጥኖቹን ከፋብሪካው ገጥሞ ኢንተርስቴት ብሎ አቀረበው። የማምረቱ ሥራም በዚያው ዓመት ወደ ሜሪስቪል መጣ።

በ1984 የመጣው ጂኤል 1200 ምቾቱ ልዩ ነው፤ የኤሌክትሪክ ነገሩ ግን ዝናው መጥፎ ነው። ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው የዲናሞ ክፍል፣ ከስቴተሩ የሚወጡት ሦስት ቢጫ ሽቦዎች የሚገናኙበት የፕላስቲክ ሶኬት በሙቀት ይቀልጣል። ሶኬቱን ስታዩት ቡናማ ሆኖ ከጠቆረ፣ ቀድሞ ግሏል ማለት ነው። የቆዩ መካኒኮች ቆርጠው ይጥሉትና ሽቦዎቹን በቀጥታ ይበይዷቸዋል። ስቴተሩ ራሱ ከተቃጠለ ግን ያለው ሞተሩ ውስጥ፣ በኋላ በኩል ስለሆነ እሱን ለመቀየር ሞተር ይወርዳል። ይህ ከአቀማመጡ የመጣ ጣጣ በመሆኑ የመጨረሻው የ1987 ሞዴልም አላመለጠም፤ ሕጌ የማይሠራበት ቦታ ቢኖር እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው የመጣው በ1988 ከጂኤል 1500 ጋር ነው። ዲናሞው ሞተር ሳይወርድ የሚፈታበት ቦታ ተቀመጠ። ሲሊንደሮቹ ስድስት፣ መጠኑ 1520 ሲሲ ሆነ። ሞተሪኖውን እየተጠቀመ ወደ ኋላ የሚሄድበት ማርሽም ተጨመረለት፤ እንዲያ የከበደውን ነገር ዳገት ላይ በእግር መግፋት የማይታሰብ ነበርና። ይህ ሞዴል ከመሠረቱ ሳይነካ እስከ 2000 ዘለቀ።

በ2001 ጂኤል 1800 መጣ፦ 1832 ሲሲ፣ የአልሙኒየም ሻንሲ፣ በቺንጋ ፋንታ የታይሚንግ ካቴና። ግን ጀማሪ ጀማሪ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሻንሲ በብየዳው ምክንያት ለጥገና ተጠራ። በ2006 በፋብሪካ ከተሠሩ ሞተር ሳይክሎች ሁሉ ቀድሞ ኤርባግ ተገጠመለት። በ2009 የሜሪስቪል የሞተር ሳይክል ሥራ ተዘጋ። 2010 የኦሃዮ የመጨረሻው ሞዴል ሆነ፣ 2011 የሚባል ሞዴል ጭራሽ አልወጣም፣ የ2012ቱ ከጃፓን ኩማሞቶ መጣ። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ «የ2011 ነው» የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ የሻንሲውን ቁጥር አንብቡ። ከ17ቱ ፊደልና ቁጥር የመጀመሪያው 1 ከሆነ እዚህ አሜሪካ፣ ጄ ከሆነ ጃፓን የተሠራ ነው፤ አሥረኛው ደግሞ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። ለ2000 ዋይ፣ ለ2001 ደግሞ 1 ነው። የሞዴል ዓመት እንደኛ አዲስ ዓመት ከጥር ቀድሞ ሊገባ ስለሚችል፣ የተሠራበትን ወር ብቻ አይታችሁ አትወስኑ።

እንግዲህ ገንዘብ ላነሰው የ1998፣ የ1999 ወይም የ2000 ጂኤል 1500ን እመርጣለሁ። ለደህናው ኪስ የ2010ን፤ ነገር ግን ከ2001 እስከ 2010 በተሠሩት ላይ የወጣው የኋላ ፍሬን ጥሪ መፈጸሙን የሚያሳይ ወረቀት ይቅረብልኝ። ከ2012 እስከ 2017 ያለውን የሚያገኝም አይቆጭም። በ2018 ሁሉ ነገር እንደ አዲስ ስለተጀመረ፣ የዚያን ዓመት ለቸኮለ እተወዋለሁ።

አንድ ነገር ላክል። ጂኤል 1500ም ሆነ ከእሱ በፊት የነበሩት የታይሚንግ ቺንጋቸው ጎማ ነው፤ ባይነዳም በዕድሜ ብቻ ይደርቃል። ሻጩ «ብዙ ማይል አልሄደም» ብሎ ሲኮራ፣ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ጠይቁትና ደረሰኝ አስወጡት። ቺንጋ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ የዚያን ጊዜ የመረጣችሁት ዓመት አያድናችሁም።