ጣቱ አለ፤ ድምፁ የለም፦ የቤት ስቱዲዮ ፋይሎችና የሙዚቃ ታሪካችን ምንጮች



የዛሬው ርእሴ ከታሪክ መምህር የሚጠበቅ አይመስልም። ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራሞች መታደስና እርስ በርስ አለመጣጣም ከእኔ ይልቅ ከኋላ የተቀመጣችሁት ወጣቶች የተሻለ ታውቃላችሁ። ይሁን እንጂ የታሪክ ሰው የምንጭ ነገር ያስጨንቀዋል፤ እኔም ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በዚሁ ጭንቀት ነው።

ባለፈው ክረምት በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ዓመተ ምሕረት የአማርኛ ዘፈን እንዴት ይቀናበር እንደነበረ መረጃ ለመሰብሰብ አዲሱ ገበያ ወደሚገኝ አንድ የቤት ስቱዲዮ ሄጄ ነበር። አዲሱ ገበያ፣ የማታውቁት ካላችሁ፣ ከእንጦጦ ሥር፣ ወደ ሱሉልታ የሚያወጣው የጎጃም መንገድ የሚያልፍበት የጉለሌ ሰፈር ነው። ስቱዲዮው ከዋናው ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ናት። ግድግዳዋ ስፖንጅና ብርድ ልብስ ለብሷል። ጣራዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ቀረጻ ይቆማል፤ መብራት ሲጠፋም እንዲሁ። ባለቤቱ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉት። በአዲሱ የዕለት ሥራውን ይሠራል። አሮጌው ከጠረጴዛ ሥር ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ በተለጠፈ ፕላስተር «አይነካ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ለብዙ ዓመታት ከኢንተርኔት ጋር ሳይገናኝ፣ አንድም ነገር ሳይታደስበት የቆየ ነው። አሁን ግን ሞቷል። ከውስጡ የተረፈው የሃርድ ዲስኩ ይዘት ብቻ ሲሆን እሱም ወደ አዲሱ ተገልብጧል።

በዚያ ሰሞን አንድ ውጭ አገር የሚኖር ድምፃዊ በ2000 ዓ.ም. እዚያችው ክፍል ውስጥ የተቀረጸ ዘፈኑን ለመድረክ ፈልጎ፣ ድምፁ የሌለበትን ሙዚቃ እንዲልክለት ባለቤቱን ጠይቆት ነበር። ባለቤቱ እኔ ባለሁበት ፋይሉን ከፈተው። በመጀመሪያ የማስጠንቀቂያ መስኮቶች ተከታትለው ወጡ፤ ይህ ፕለጊን አልተገኘም፣ ያኛውም አልተገኘም የሚሉ። ከዚያ ዘፈኑ ተከፈተ። ማሲንቆው ይሰማል፤ የዘፋኙ ድምፅም ይሰማል። ከበሮው፣ ቤዙና ኪቦርዱ ግን ጸጥ ብለዋል። የኪቦርዱን መስመር ሲከፍተው ኖታዎቹ እንደ ተደረደሩ አረንጓዴ እንጨቶች በስክሪኑ ላይ ተዘርግተው ታዩ። የተጫወተው ሰው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ባለቤቱ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «መምህር፣ ጣቱ አለ፤ ድምፁ ግን የለም» አለኝ።

የዛሬው ንግግሬ ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመረዳት የሚደረግ ሙከራ ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። በቴፕ ዘመን በክሩ ላይ የሚቀመጠው ድምፅ ራሱ ነበር። የኮምፒውተሩ «ፕሮጀክት» ግን በአብዛኛው ድምፅ ሳይሆን መመሪያ ነው። ይህን የማሲንቆ ፋይል ከዚህች ሴኮንድ ጀምረህ አጫውት፤ ይህን ኖታ በዚህ ጉልበት በዚያኛው ፕለጊን አሰማ፤ በላዩ ይህን ያህል ማስተጋቢያ ጨምር የሚል ረጅም ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን የሚፈጽመው ፕለጊን ከሌለ ትእዛዙ ብቻውን ይቀራል። በማይክሮፎን የተቀዳው ማሲንቆ ከሞት የተረፈው በዋቭ ፋይል ስለተቀመጠ ነው። ዋቭ ማይክሮሶፍትና አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡት፣ ዛሬም ማንኛውም ኮምፒውተር የሚያነበው ቅርጽ ነው። በዚህ የተነሣ አንድ እንግዳ ነገር ገጥሞናል። በዚያ ዘፈን ውስጥ «ባህላዊ» የምንለው መሣሪያ ሲተርፍ «ዘመናዊ» ያልነው ጠፍቷል።

ነገሩን ከዚህ በፊት ከነበረው ጋር እናስተያየው። ተሰማ እሸቴ በርሊን ሄዶ የተቀዳው እ.ኤ.አ. በ1908 ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላዎች የሚባሉትም እነዚያ ናቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ በሲዲ ታትመው ወጥተዋል፤ ዛሬ ማንም ሊሰማቸው ይችላል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ሸክላ የማሳተሙ መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነው የሚለውን ድንጋጌ ተጋፍቶ ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ኅትመት ሲጀምር ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ባለመብቶችን ማፈላለግ፣ መደራደር፣ የተበታተነውን መሰብሰብ ነበረበት። ቴፑ ወይም ሸክላው ከተገኘ በኋላ ግን «ይህን የሚከፍት ፕሮግራም ስንተኛው ዕትም ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። መርፌውን ማሳረፍ ይበቃል። የካሴቱም ዘመን፣ ጥራቱን ብናማም፣ በዚህ ረገድ ወቀሳ የለበትም።

በርሊን ላይ የተቀዳው ድምፅ መቶ ዓመት ተሻግሯል። የአዲሱ ገበያው ግን ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ይህ የሆነው ለምንድን ነው? የቤት ስቱዲዮ አንድ ዕቃ ሳይሆን ሰንሰለት ነው። ከታች ኮምፒውተሩ፣ በላዩ ዊንዶውስ ወይም ማክ፣ ከዚያ ሳውንድ ካርዱን የሚያናግረው ድራይቨር፣ ከዚያ መቅረጫው ፕሮግራም፣ ከዚያ ፕለጊኖቹ፣ ከሁሉም በላይ ዘፈኑ አለ። አንዱ ቀለበት ሲታደስ ሌሎቹም አብረው ካልታደሱ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። እያንዳንዱን ቀለበት የሚሠራው ደግሞ የተለያየ ኩባንያ ነው፤ ሁሉም የየራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው። የጀርመኑ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1996 ቪኤስቲ የተባለውን የፕለጊን ሥርዐት አውጥቶ ሌሎች ሠሪዎችም እንዲጠቀሙበት ፈቀደ፤ የሶፍትዌር መሣሪያዎች ዓለም በዚያ ላይ ቆመ። በ2022 መጀመሪያ ላይ ኩባንያው በራሱ ፕሮግራሞች ውስጥ ለሁለተኛው የቪኤስቲ ትውልድ የሚሰጠውን ድጋፍ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚያቆም አስታወቀ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2002 ኢማጂክን ገዝቶ ሎጂክ የተባለውን ፕሮግራም ከዊንዶውስ አስወጣው። በዊንዶውስ ሎጂክ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ምንም ሳያጠፉ መንገድ ላይ ቀሩ። በ2019 የወጣው የማክ ሥርዐት ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን ጨርሶ ማስኬድ አቆመ። የ32 ቢት ነገር ለታሪክ ተማሪ እንዳይከብድ በአጭሩ ልበል፦ እንዲህ ያለ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ከአራት ጊጋባይት በላይ ማስታወሻ መቁጠር አይችልም። ወደ 64 ቢት መሻገሩ ስለዚህ ምክንያት ያለው ነው፤ ክፋት አልነበረም። ግን በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ከተሠሩት ፕለጊኖች ብዙዎቹ ሠሪያቸው ሥራውን ስለተወ ወይም ስለከሰረ አልተሻገሩም።

ይህ ጣጣ የኒውዮርኩንም የለንደኑንም ሙዚቀኛ ያማርረዋል። የእኛ ግን ተጨማሪ ቋጠሮ አለበት፤ እዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ።

በአገራችን የቤት ስቱዲዮዎች ውስጥ ፕሮግራሙ በአብዛኛው የተገዛ አልነበረም። «ክራክ» የምንለው፣ መቆለፊያው የተሰበረ፣ በሲዲ ኋላም በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነበር። ይህን ስናገር ፊታችሁ ላይ ፈገግታ አየሁ፤ አልፈርድባችሁም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በኢንተርኔት በዶላር መክፈል ለአብዛኛው ሰው የማይቻል ነበር፤ ዛሬም ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ የፕሮግራም ዋጋም አብሮ ወጣ። ነገር ግን ክራክ የራሱ የታሪክ ውጤት አለው። የተሰበረ ፕሮግራም አይታደስም። ለማደስ የሞከረ ሰው ይቆለፍበታል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ኢንተርኔቱን ይነቅላል፣ ዊንዶውሱን አይነካም፣ «አይነካ» ብሎ ይጽፋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ሲያቆም እንዲህ ያሉ ማሽኖች እንደ ደሴት ቀሩ። በየደሴቱ ላይ ዘፈኖች አሉ።

እዚህ ላይ የማይመች ነገር ማንሣት አለብኝ። የሙዚቃ ባለሙያዎቻችን ሥራቸው ያለ ፈቃድ እንዳይባዛ ለዓመታት ጮኸዋል፤ እውነትም ነበራቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ የእነሱን ዘፈን ጠበቀ። የኮምፒውተር ፕሮግራምንም በዚያው አዋጅ ጠበቀ። ዘፈኑ እንዳይሰረቅ የሚሟገተው ስቱዲዮ ዘፈኑን የሚሠራው በተሰረቀ ፕሮግራም ነበር። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ የኋላ ተመራማሪ ሰነዶቹን ሲያነብ ግራ እንዳይገባው ነው።

ገዝቶ መጠቀም ቢቻልስ ችግሩ ይፈታ ነበር? አይመስለኝም። ስታይንበርግ ፈቃዶቹን ይቆጣጠርበት የነበረውን ባለ ዩኤስቢ ቁልፍ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ዘግቷል። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛ ሰውም የድሮው ፈቃዱ በቁልፉ ዕድሜ ላይ ተንጠልጥሏል።

ሌላም የእኛ ብቻ የሆነ ጉዳይ አለ፤ ፊደላችን። ከድሮው ማሽን ከተረፉት ፋይሎች መካከል የግጥም ጽሑፎች ነበሩ። ስንከፍታቸው የላቲን ፊደልና የሥርዐተ ነጥብ ድብልቅ ሆነው ወጡ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ሲሆን፣ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣ የራሳችንን ፊደል ያገኘነው በ2007 ለገበያ በቀረበው ቪስታ፣ «ኒያላ» በተባለው ቅርጸ ፊደል ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም «ሀ»ን በራሱ ቁጥር ያስቀምጥ ነበር። ጽሑፉን ለማንበብ የተጻፈበትን ፕሮግራም ማወቅና ማግኘት ያስፈልጋል። የግጥሞቹን ነገር በመጨረሻ በመቀየሪያ አቃንተነዋል። ፊደል ሊቃና ይችላል፤ የጠፋ ፕለጊን ግን የሚቀየርበት ሠንጠረዥ የለውም።

አንድ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው «ዘፈኑ በሲዲ ወጥቶ የለም እንዴ? ምን ጠፋ ትላለህ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አዎን፣ ያለቀው ዘፈን አለ። ግን የብራና ጥናት የምታውቁ ንገሩኝ፤ በኅዳግ የተጻፈው፣ የተፋቀው፣ በሌላ እጅ የታረመው ባይኖር ስለ ጸሐፊው ምን እናውቅ ነበር? ፕሮጀክቱ የአቀናባሪው ኅዳግ ነው። ባቲን ወይም አንቺሆዬን ለመከተል ኪቦርዱን እንዴት እንዳስተካከለው፣ የቱን ሙከራ እንደጣለ፣ ከበሮውን ከየት እንዳመጣው የሚታየው እዚያ ነው። ከዚህም በላይ በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ከተሠሩት መካከል ጭራሽ ለገበያ ያልወጡ አሉ፤ ለእነሱ ፕሮጀክቱ ብቸኛው ቅጂ ነው። ቤተ መጻሕፍቶቻችንና ቤተ መዛግብታችን የታተመውን ሲሰበስቡ ይህ ያልታተመ ጓዳ ከእጃቸው ውጭ ነው።

አለመጣጣም የተፈጥሮ ሕግ ነው ብላችሁ ግን አትደምድሙ። እ.ኤ.አ. በ1983 የጃፓንና የአሜሪካ ኪቦርድ ሠሪዎች ሚዲ በተባለ የጋራ ቋንቋ ተስማሙ። በዚያ ዓመት የተሠራ ኪቦርድ በገመድ ከዛሬ ኮምፒውተር ጋር ይነጋገራል። የሟቹ ወዳጃችን ጣት በስክሪን ላይ ሊታይ የቻለውም በሚዲ ምክንያት ነው። ተፎካካሪዎች የተስማሙበት ሲተርፍ አንዱ ለብቻው የያዘው ጠፋ። እኛም የራሳችን ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ወደ ዘጠኝ ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍትን አንሥቷል። ማይክሮፊልም ለማንበብ ብርሃንና መነጽር ይበቃል። ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ምርጫው ምን ያህል አስተዋይ እንደነበረ ይገባናል።

የአዲሱ ገበያው ሰው አሁን አንድ ሥራ ሲያልቅ እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻው፣ ከመጀመሪያዋ ሴኮንድ እስከ መጨረሻዋ፣ በዋቭ አውጥቶ በሁለት ሃርድ ዲስክ ያስቀምጣል። የምቱን ፍጥነት፣ ቅኝቱንና የተጫዋቾቹን ስም በደብተር ይጽፋል፤ በወረቀት ደብተር። ለአንድ ዘፈን ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ለዚህ የሚከፍለው ደንበኛ የለም። ከዚያ በፊት ለተሠሩት ደግሞ ጊዜውም ማሽኑም የለውም።

ለውጭ አገሩ ድምፃዊ ምን እንደላከለት ጠየቅሁት። የሟቹን ኖታዎች ሳይነካ በሌላ ፕለጊን ፒያኖ አሰምቷቸዋል፤ ከበሮውን እንደ አዲስ ሠርቷል። ድምፃዊው ወዶታል፤ መድረክ ላይም ተጫውቶበታል። እኔ ግን ጽሑፌን ስጨርስ የዚያን ዘፈን ኪቦርድ በማን ስም፣ በየትኛው ዓመት እንደምጠቅስ ገና አልወሰንኩም። ምናልባት ከእናንተ ሐሳብ ያለው ይኖራል፤ ጥያቄዎችን ከዚያ እንጀምር።