ደጅ ያለው ቤት

«ቤተሰብ» ማለት የቤት ሰው ማለት ነው። ቋንቋችን ቤትንና ሰውን በአንድ ቃል ካሰረ በኋላ ደጅንም አልዘነጋውም፤ ደጃዝማች፣ ደጀ ሰላም፣ ደጅ ጥናት እያለ ሹመቱንም፣ ጸሎቱንም፣ አቤቱታውንም ከደጅ ያስጀምራል። እንግዲህ መሬት በጠበበበት፣ ሕዝብም በበዛበት በዚህ ዘመን ከተሞቻችን ሊመልሱት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ ቤተሰብ በጠባብ መሬት ላይ ደጁን ሳያጣ መኖር ይችላልን? ለመልሱ የራሳችንን ታሪክ እንጠይቅ።

ከመቀሌ እንጀምር። በኩሓ አቅራቢያ ከሚገኘው ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ወደ ከተማዪቱ የሚወርድ መንገደኛ ዐይኑን አስቀድሞ የሚይዘው ድንጋይ ነው። ጣሊያናዊው አናጢ ጃኮሞ ናሬቲ የመራው፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ያሠሩት ቤተ መንግሥት በድንጋይ የቆመ ነው፤ የገበሬው ሕድሞም እንዲሁ። የሕድሞ ግድግዳ ወፍራም የድንጋይ ካብ፣ ጣራው በጠንካራ እንጨት ላይ የተደለደለ አፈር ነውና የቀኑን ሐሩርና የሌሊቱን ቁር ይመክታል። ከፊቱም በካብ የታጠረ ግቢ አለው፤ እህል የሚሰጣበት፣ ልጅ የሚቦርቅበት፣ እንግዳ የሚቀበሉበት።

ይሁን እንጂ ሕድሞ የገጠር ልጅ በመሆኑ ሰፊ መሬት ይሻል። ቤትን ከቤት አጣብቃ ደጅን ማትረፍ የቻለችው ሐረር ናት። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል ስፋቱ 48 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። የሐረሪዎቹ ቤት፣ ጌ ጋር፣ ከጎረቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ፊቱን ግን ወደ ውስጠኛው ግቢ ይመልሳል። በቀጭኑ መንገድ የሚያልፍ ሰው ግንብና በር ብቻ ያያል፤ ከበሩ ወዲያ ግን ሰማይ ያለው ደጅ አለ።

በእቅድ የተሠራ የቤቶች መንደር ወደ አዲስ አበባ የገባው ከወረራው ጋር ነው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው «ኢንቺስ» ከተባለው የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች የቤት ተቋም ሲሆን፣ ፖፖላሬም «የሕዝብ ቤቶች» ከሚለው የጣሊያንኛ አጠራር የተወረሰ ነው። የወራሪው እቅድ ነጩን ከጥቁሩ ለይቶ ማስፈር ነበርና «ሕዝብ» ሲል እኛን ማለቱ አልነበረም። በ1933 ዓ.ም. ባለቤቱ ሲሄድ ስሙ ቀረ፤ ሠፈሩንም የአገሬው ሰው ወርሶ ቡናውን አፈላበት።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ወደ ቀበሌ ተላለፉ። ብዙ ቤተሰቦች በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧና በአንድ መጸዳጃ ኖሩ። ቤቶቹ አረጁ፤ ጠጋኝም አጡ። ሆኖም «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ብሂል የከበረው በእነዚሁ ግቢዎች ነበር፤ ጥበቱን ያስቻለው የጋራው ደጅ ነውና።

በ1996 ዓ.ም. አርከበ እቁባይ አዲስ አበባን በከንቲባነት ሲመሩ፣ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እገዛ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ተጀመረ፤ ኋላም መቀሌን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ተዳረሰ። ለብዙዎች የራስ ቁልፍና የራስ መጸዳጃ ያስገኘ ታላቅ ሥራ ነው። ግን በአራተኛ ፎቅ ላይ አዛውንት በደረጃ ይታሰራሉ፤ ለለቅሶ ድንኳን፣ ለድግስ ምድጃ ቦታ ፍለጋ ይወረዳል። ለዚህ ተብለው የጋራ መገልገያ ቤቶች መሠራታቸው ራሱ የደጅን መጉደል ይመሰክራል።

በሰፊው ግቢና በፎቁ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም ጎን ለጎን የተያያዘ፣ አንድ ወይም ሁለት ፎቅ ያለው ቤት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 10 ቤቶች ተነጣጥለው ቢቆሙ 20 የጎን ግድግዳ ይሻሉ፤ ቢያያዙ 11 ይበቃቸዋል። ከአንድ ሄክታር 4,000 ካሬ ሜትር ለመንገድና ለዛፍ ቢተው፣ ቀሪው በ250 ካሬ ሜትር ሲሸነሸን 24 ቤተሰብ፣ በ100 ሲሸነሸን 60 ቤተሰብ ያኖራል። ታዲያ ንድፉ ጥንቃቄ ይጠይቃል፦ የጋራው ግድግዳ ድምፅና እሳት እንዳያሳልፍ ወፍራም ይሁን፤ ብርሃንና ነፋስ ከፊትም ከኋላም ይግቡ፤ ለአያት የሚሆን ክፍል ከምድር ቤት አይጥፋ፤ የእንጀራው ጢስ የሚወጣበት ጓሮ፣ ድንኳን የሚተከልበት የፊት መንገድ ይኑር።

ጉዳዩ የንድፍ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሰፊው ክፍሉ ፈርሶ ነዋሪው ተበትኗል። በመቀሌም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት ከየቀያቸው የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በትምህርት ቤት ክፍሎች ተጠልለው ኖረዋል፤ ደጅ ማጣት ምን እንደሆነ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አውሮፕላን ወደ ከተማዪቱ ዳግም መብረር የጀመረው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ነበር፤ ሰው ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ ግን ከአየር መንገዱ ይረዝማል።

ለሚሠሩት ከተሞች ድንጋዩም፣ ጠራቢውም፣ የሕድሞና የጌ ጋር ጥበብም በአገሩ ሞልቷል። ቤት ሠሪው በወረቀቱ ላይ የመጀመሪያውን መስመር ሲያሰምር ከደጁ ይጀምር፤ ቤቱ ከኋላው ይመጣል።