የጨቅላ ሕፃናት የልብና የሳንባ ንቅለ ተከላ ታሪክ

የጨቅላ ሕፃናት የልብ ንቅለ ተከላ ከአዋቂዎቹ የዘገየው በሦስት ቀን ብቻ ነው። ክርስቲያን ባርናርድ በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን የመጀመሪያውን የሰው ልብ የተከለው ዲሴምበር 3 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዲሴምበር 6 ቀን በኒውዮርክ ብሩክሊን አድሪያን ካንትሮዊትዝ ከተወለደ ሦስት ሳምንት ላልሞላው ሕፃን የሌላ ሕፃን ልብ ተከለለት። ሕፃኑ ከሰባት ሰዓት በላይ አልቆየም። ካንትሮዊትዝ ለዓመታት በቡችሎች ላይ ሲለማመድ ስለኖረ ልምድ አላጣም፤ ያጣው በጊዜው የደረሰ ልብ ነው። ለጋሾቹ አብዛኛው የአንጎላቸው ክፍል ሳይፈጠር የተወለዱ ሕፃናት ነበሩ። የአንጎል ሞት ገና እንደ ሞት ስላልተቆጠረ፣ የለጋሹ ልብ በራሱ እስኪቆም መጠበቅ ግድ ነበር። በ1966 ባደረገው ሙከራ ልቡ እስኪቆም ሲጠበቅ ከጥቅም ውጭ ሆኖበታል።

በ1968 ዴንተን ኩሊ በሂዩስተን ለሁለት ወር ሕፃን ልብና ሳንባን በአንድነት ተከለ። የተገኘው ዕድሜ 14 ሰዓት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ መስኩ ለረጅም ጊዜ ቀዘቀዘ። እንደገና ያነቃቃው ሰውነት ባዕድ አካልን እንዳያጠቃ የሚገታው ሳይክሎስፖሪን የተባለ መድኃኒት ነው፤ አሜሪካ በ1983 ፈቀደችው።

ሐኪሞቹን ያስጨነቃቸው በተለይ አንድ ሕመም ነበር። አንዳንድ ሕፃናት ሲወለዱ የልባቸው ግራ ክፍል በቅጡ ያላደገ፣ ዋናው ደም ቅዳም የቀጠነ ሆኖ ይገኛል። በማህፀን ሳሉ ችግሩ አይታወቅም፤ ከሳንባው ደም ቅዳ ወደ ዋናው ደም ቅዳ የምታሻግር አጭር ቧንቧ አለች፣ የልቡ ቀኝ ክፍልም በእርሷ በኩል መላ ሰውነትን ይመግባል። ከተወለዱ በኋላ ግን ይህች ቧንቧ በተፈጥሮዋ ትዘጋለች። ጤነኛ መስሎ ጡት ሲጠባ የነበረ ሕፃን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገረጣል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ይሞታል። ዊልያም ኖርዉድ በቦስተን በደረጃ የሚከናወን የልብ ጥገና እስኪያስተዋውቅ ድረስ ወላጆች ልጃቸውን ከማቀፍ ሌላ የሚያደርጉት አልነበራቸውም።

ሌላው አማራጭ ንቅለ ተከላ ነበር። በ1984 ክረምት ማግዲ ያዕቆብ ለንደን ውስጥ ለአሥር ቀን ሕፃን ልብ ተከለ፤ ሕፃኗ ከሁለት ሳምንት በላይ ኖረች። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 26 በካሊፎርኒያ ሎማ ሊንዳ ሌናርድ ቤይሊ «ቤቢ ፌ» ለተባለች የ12 ቀን ሕፃን የዝንጀሮ ልብ ተከለላት። 20 ቀን ኖራ ሞተች። ዓለም ተነጋገረ፤ ወላጆቹ ምን ተነገራቸው፣ የሰው ልብ ስለ ምን አልተፈለገም የሚሉት ጥያቄዎች ተገቢ ነበሩ። ቤይሊ ራሱ በኋላ ጥፋቱን ያየው በደም ዓይነት ላይ ነው፦ ሕፃኗ ኦ ስትሆን የዝንጀሮው ደም ከእርሷ ጋር አይስማማም ነበር። በኖቬምበር 1985 ያው ሐኪም ለአራት ቀን ሕፃን የሰው ልብ ተከለ። «ቤቢ ሞዝስ» የተባለው ይህ ልጅ አድጎ ለአዋቂነት በቃ።

ከዚህ በኋላ ዋናው ችግር የልብ እጥረት ሆነ። የአራስ ልብ ከራሱ ከሕፃኑ ጭብጥ አይበልጥም፤ በዚያ መጠን ልብ የሚለግስ ደግሞ ሌላ የሞተ ሕፃን ብቻ ነው። የሎማ ሊንዳው ሆስፒታል ያለ ሙሉ አንጎል የተወለዱትን በመሣሪያ እያስተነፈሰ ለጋሽ ለማድረግ ቢሞክርም፣ የአንጎል ሞትን በእነርሱ ላይ ማረጋገጥ አስቸጋሪ ሆኖ በ1988 ሙከራውን ተወው። ብዙ ሕፃናት ተራ ሲጠብቁ ይሞቱ ነበር።

መላው የተገኘው ቶሮንቶ ውስጥ ነው፤ በዚህ ታሪክ ከታዩት ሁሉ ትልቁ እርምጃም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። መሠረቱ ግን ቀደም ብሎ ተጥሎ ነበር፤ ፒተር ሜዳዋርና ባልደረቦቹ በ1953 ገና ያልተወለደ አይጥ የሌላ አይጥ ሕዋስ ቢሰጠው፣ ካደገ በኋላ የዚያን አይጥ ቆዳ እንደማይጥል አሳይተዋል። የሰው ሕፃንም በሌላ የደም ዓይነት ላይ የሚነሱትን ፀረ እንግዳ አካላት ሲወለድ አያመርትም፤ የሚጀምረው ከወራት በኋላ፣ ጀርሞች አንጀቱን ሲለማመዱት ነው። ሎሪ ዌስትና ባልደረቦቿ ከ1996 ጀምሮ ይህን ክፍተት ተጠቀሙበት። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የሕፃኑን የደም ፈሳሽ እየለወጡ፣ የደም ዓይነቱ የማይስማማ ልብ ተከሉ። በ2001 ባወጡት ጽሑፍ የአሥር ሕፃናትን ውጤት አቀረቡ፤ በማዕከላቸው ተራ ሲጠብቁ የሚሞቱት ሕፃናት ከ58 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርደው ነበር። ሲያድጉም ሰውነታቸው የለጋሹን የደም ዓይነት ሳይቃወም የቀረ ሕፃናት ታይተዋል። ቤይሊ ለቤቢ ፌ ሞት ምክንያት ያደረገው የደም ዓይነት አለመስማማት ለሕፃናት ሁልጊዜ የተዘጋ በር እንዳልነበረ በዚህ ተረጋገጠ።

ሳንባ ግን ይበልጥ ያስቸግራል። በየትንፋሹ አየርና ጀርም ስለሚያስገባ በቀላሉ ይመረዛል፣ ሰውነትም ይበልጥ ይቃወመዋል። ሆኖም ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሴንት ሉዊስ የሕፃናት ሆስፒታል፣ የአየር ከረጢቶች እንዳይጣበቁ የሚያደርገውን ፕሮቲን በዘር ጉድለት ለማያመርቱ ጨቅላዎች ሁለቱንም ሳንባ መትከል ችሏል። ያለዚያ የሚቆዩት ወራት ብቻ ነው። ቁጥራቸው ዛሬም በጣም ጥቂት ነው።

በልብ በኩል በሕፃንነታቸው የተተከለላቸው ከአዋቂዎቹ ይበልጥ ረጅም ዕድሜ ያገኛሉ፤ ግማሾቹ ከ20 ዓመት በላይ ይኖራሉ። በ2022 ደግሞ ጆሴፍ ቱሬክ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ለአራስ ሕፃን ከሕያው የለጋሽ ልብ ቫልቮችንና ከእነርሱ ጋር የተያያዙትን ደም ቅዳዎች ብቻ ወስዶ ተከለ። ሕያው በመሆናቸው ከልጁ ጋር ያድጋሉ፤ ጡንቻው ደክሞ ለሙሉ ንቅለ ተከላ የማይበቃ ልብም ቫልቩ ጤነኛ ከሆነ ለዚህ ይውላል።